በካርታ ላይ የሌለ ኩይሳ

ኖርዌይ፣ ትሮንድሄይም ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ክረምት፣ ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዕቃ ሲያወጡ አይቼ ላግዛቸው ተከተልኳቸው። መስኮታቸው ላይ ነጭ፣ ቅርንጫፉ የተጠላለፈ ነገር ተቀምጧል። የአጋዘን ቀንድ መስሎኝ ባነሣው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። «ቀስ በል፤ እሱ ካንተም ከእኔም አያት ይበልጣል» አሉኝ። በኖርዌይኛ አንቱታ ከቀረ ቆይቷል፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እንዳልኳቸው አለሁ።

ኮራል ነበር። ኮራል ሲባል እኛ የምናስበው የምጽዋንና የዳህላክን ነው፤ ሙቅ ውኃ፣ ፀሐይ፣ ቀለመ ብዙ ዓሣ። የድሮዎቹ የምጽዋ ቤቶች እንኳ ግድግዳቸው የኮራል ድንጋይ ነው። በዚህ በረዶ አገር፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ኮራል ይበቅላል ብሎ ማን ይገምታል? ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በመንጠቆ ገመድ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ቁራጩም የወጣው ከመንጠቋቸው ጋር ተጠላልፎ ነው። «እኛ ከሥር ደን እንዳለ እናውቅ ነበር» አሉኝ። «ገመዱን ደኑ ላይ አትጥልም፤ ይበጠስብሃል። ዳር ዳሩን ነው። ዓሣው ከደኑ ሲወጣ ትቀበለዋለህ።»

ሳይንቲስቶች ለረጅም ዘመን ሎፌሊያ ሲሉት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ሌላ ወገን አዛውረው ዴስሞፊለም አሉት። ኖርዌዮች ደግሞ የዓይን ኮራል ይሉታል። የሞቃቱ ባሕር ኮራል አካሉ ውስጥ ያስጠጋቸው ደቂቅ ዕፅዋት ከፀሐይ ምግብ ያዘጋጁለታል። ይኸኛው እንዲህ ያለ ጥገኛ የለውም፤ የውኃው ሙቀት ከ4 እስከ 12 ዲግሪ በሆነበት ጨለማ ውስጥ ክንዶቹን ዘርግቶ የውኃው ፍሰት ያመጣለትን ጥቃቅን እንስሳ ይለቅማል። በዓመት ቢረዝም ቢረዝም ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሕይወት ያለው ከላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሞተው አጽም በጭቃና በደለል ተሞልቶ ይቆለላል። ኩይሳ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከመካከለኛው ኖርዌይ ባሕር ጠረፍ ማዶ፣ ሱላ በሚባለው ሸንተረር ላይ ያለው ኩይሳ መሠረቱ ከ8,000 ዓመት በላይ ነው።

ጉድጓዱና ቅርንጫፉ ሁሉ ነዋሪ አለው። ቀይ ዓሣ ይጠለልበታል፤ የኮድ ዘመዶች ያድኑበታል። እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን አንድ ትል ነው። ኮራሉ ላይ ቱቦ ሠርቶ ይኖራል፤ የባለቤቱንም ምግብ ይሰርቃል። ኮራሉ በምላሹ ቱቦውን በራሱ ድንጋይ ይለብጠዋል፤ በዚህም ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እየተያያዘ ቤቱ ይጠነክራል። ሌባውም ግንበኛውም አንድ ነው ማለት ነው። ከጎኑ ደግሞ ቀይና ነጭ ሆኖ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ሌላ ኮራል አለ፤ ኖርዌዮች ስሙን ቃል በቃል «የባሕር ዛፍ» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስለዚህ ኮራል ከጻፉት ቀደምቶች አንዱ ጳጳስ መሆኑን ሳውቅ ከቤተ መጻሕፍት መውጣት አቃተኝ። ዮሐን ኤርንስት ጉኔሩስ የትሮንድሄይም ጳጳስ ነበር። በ1760 የሳይንስ ማኅበር ካቋቋሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፤ በ1768 ስለ ኖርዌይ ኮራሎች ጽፎ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ ደግሞ ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ የብሪታንያ ምሁር ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት የለም የሚል ግምት አቀረበና ብዙዎች አመኑት። በ1860 በሰርዲኒያና በአልጄሪያ መካከል የተዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ ለጥገና ሲሳብ፣ ከ2,000 ሜትር በታች የነበረው ክፍል ኮራል ተጣብቆበት ወጣ። ኖርዌያዊው ሚካኤል ሳርስም፣ እርሱም ቄስ የነበረ ነው፣ ሕይወት የለበትም ከተባለው ጥልቀት የወጡ እንስሳትን ዝርዝር ያትም ነበር። ቀሳውስቱ ባሕሩን ምን አስወደዳቸው? በትሮንድሄይም ፊዮርድ ውስጥ ታውትራ የምትባል ደሴት አለች፤ በ1207 የተመሠረተ ገዳም ፍርስራሽ አላት፤ ጣናን ለሚያውቅ እንግዳ አትሆንም። በዚያች ደሴት አጠገብ ይህ ኮራል 39 ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። በዓለም ከሚታወቁት ሁሉ ለውኃው ገጽ የቀረበው ይህ ነው።

አሁን ኮራሉ ላይ ወደ ደረሰው ጥፋት ልለፍ። የባሕር ወለል ላይ መረብ የሚጎትቱ መርከቦች ድሮ ከድንጋያማ ቦታ ይሸሹ ነበር፤ መረቡ ይቀደዳላ። በኋላ መረባቸው ሥር ከባድ የጎማ ክብ ተደረደረለትና ሻካራውን ወለል ሁሉ መዝለል ቻሉ። ሽማግሌው እንዲህ ይገልጹታል፦ «ጎረቤትህ ጓሮህ ውስጥ አንዲት ዶሮ ጠፋችበት እንበል። ሊፈልጋት ትራክተር ይዞ መጣ። ዶሮዋን አገኘ፤ ቤቱ ግን የለም።» ደግመው፣ «መርከቡ በሄደ በማግሥቱ ገመዴን ጣልኩ፤ ባዶ ወጣ። በሳምንቱም ባዶ። ዓሣው ቤቱ ሲፈርስ የት ይግባ?» የበርገኑ የባሕር ምርምር ተቋም ሰዎች እንደ እኚህ ያሉ አጥማጆችን ጠይቀው፣ ካሜራም አውርደው በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ከኖርዌይ የሎፌሊያ ኮራል ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው በጎታች መረብ ተጎድቷል ብለው ገመቱ።

መንግሥት ዝም አላለም። በ1999 ኮራልን ሆን ብሎ ማውደምን የሚከለክል፣ በታወቁ ኮራሎች አጠገብም ልዩ ጥንቃቄን የሚያዝ ደንብ ወጣ፤ ሱላ ለጎታች መረብ ተዘጋ። በ2002 ከሎፎተን ደሴቶች ደቡብ ምዕራብ፣ ከሮስት ደሴት ማዶ፣ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ኮራል ተገኘ፤ በዓመቱ እርሱም ተዘጋ። ምስጋና ይገባቸዋል። እኔን የከነከነኝ ግን «የታወቀ» የምትለዋ ቃል ናት። 35 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነገር እስከ 2002 ሳይታወቅ ከኖረ፣ ትናንሾቹስ? ካርታ ላይ የሌለ ኮራል ቢደቆስ ማን ይጠየቃል? ይህንኑ ለአንድ ባለሥልጣን በስልክ አነሣሁ። በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ፤ አቀረብኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣልኝ መልስ የታወቁት ኮራሎች ካርታ ነበር።

ከ2005 ጀምሮ ማሬአኖ የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ወለሉን በድምፅ ሞገድና በካሜራ እየቀረጸ ነው፤ ሰፊ ባሕር፣ አዝጋሚ ሥራ። በዚህ ላይ ውኃው ከአየር በሚመጥጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየኮመጠጠ ነው። ኮምጣጣው መጀመሪያ የሚበላው በሥጋ ያልተሸፈነውን የሞተ አጽም፣ ማለትም መሠረቱን ነው።

ባለፈው ወር ሽማግሌው አንድ የተቀዳደደ ደብተር አሳዩኝ። ቁጥር የለውም፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከእንዲህ ያለ ተራራ ጫፍ ጋር ሲገጥም፣ ሌላም ምልክት ከሌላ ምልክት ጋር ሲገጥም እያለ ይቀጥላል። የኮራሎቹ ቦታ ነው። ከባለሥልጣኑ በመጣልኝ ካርታ ላይ ሳጣቸው፣ «ለምርምር ተቋሙ ነግረዋል?» አልኳቸው።

«አንዱን ድሮ ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ» አሉ። «በሦስተኛው ዓመት ሄጄ ጎታች መርከብ ቆሞበት አገኘሁ።»

ቢነገር እኮ ዛሬ ሊጠበቅ ይችላል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተው ቡና ቀዱልኝ።