ከድንበሩ ችካል በፊት ቁጣውን ማብረድ

የእርሻ ድንበር ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ትልም ነው። የሚያባብሰው ግን በሰው ፊት የተወረወረው ስድብ ነው፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት የመሬት ክርክር የሚያይ የፍርድ ሸንጎ እንዲያቋቁሙ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ክርክሩ አስቀድሞ በውይይትና በስምምነት እንዲሞከር ደነገገ።

ልምድ ያላቸው ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ዕለት ለመፍረድ አይቸኩሉም። ቁጣው እስኪበርድ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ያዳምጣሉ፤ ስድቡ በይቅርታ ከተዘጋ በኋላ ወሰኑን ከአዋሳኞች ጋር ይረግጣሉ። የተዋረደ ሰው መሬቱ ቢመለስለትም ቂሙ አይለቀውም። ስለዚህ አስታራቂ ችካል ከመትከሉ በፊት የተበዳዩን ክብር ሊመልስ ይገባዋል።