ድንበሩ ሲከፈት ማን ገባ፣ ማን ወጣ?

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ሲከፈት፣ ሃያ ዓመት የተነፋፈቁ ቤተሰቦች ተቃቅፈው ሲላቀሱ ያየ ሁሉ ስደቱም ያከተመ መስሎት ነበር። ሰላም ወርዶ ማን ይሰደዳል? የሆነው ግን ሌላ ነው። ቀደም ሲል በቀን 50 አካባቢ የነበረው፣ ኢትዮጵያ ገብቶ ጥገኝነት የሚጠይቅ ኤርትራዊ ቁጥር በዚያ ሰሞን ወደ 400 ተጠጋ።

የነገሩ ሥር ያለው የኤርትራ ብሔራዊ አገልግሎት ላይ ነው። አዋጁ በ1988 ዓ.ም. ሲወጣ ግዴታው 18 ወር ነበር። በ1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ፈነዳና ወሩን መቁጠር ቀረ። ጦርነቱ በአልጀርሱ ስምምነት ካበቃ በኋላም «ኢትዮጵያ ከመሬታችን አልወጣችም» እየተባለ፣ በጥቂት የኪስ ገንዘብ ሲያገለግል ጎልማሳ የሆነው ብዙ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የመጨረሻ ዓመቱን የሚጨርሰው ሳዋ፣ ጦር ማሠልጠኛው ውስጥ ነው። ልጇ 11ኛ ክፍል የደረሰ እናት እንቅልፍ ብታጣ አይፈረድባትም።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ የሰላም መግለጫው ሲፈረም ሰበቡ አብሮ ወደቀ። «አሁንስ ያሰናብቱናል» ተብሎ ተጠበቀ፤ የመጣ ቃል ግን የለም። የተከፈተው መንገዱ ብቻ ነው። ትናንት በሌሊት፣ ጥይት እየተፈራ ይታለፍ የነበረው ድንበር በቀን፣ ያለ መውጫ ፈቃድ፣ ሻንጣ ተይዞ በመኪና ይታለፍ ጀመር። ከተሻገሩት ብዙዎቹ ቀድሞ የወጣ ባል ወይም አባት ያላቸው ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ነገ ይዘጋ ይሆናል የሚለው ጥርጣሬም እግር ያፋጥናል።

በዚያው ሰሞን በዚያው አቅጣጫ፣ ግን ወደ አገራቸው የሚመለሱም ነበሩ። ኤርትራ መሽገው የቆዩት የኢትዮጵያ ታጣቂ ተቃዋሚዎች፣ የግንቦት 7 እና የኦነግ ታጋዮች፣ ወደ ኢትዮጵያ ይገቡ ነበር። የኢትዮጵያ ፓርላማ «አሸባሪ» የሚለውን ስም በሰኔ 2010 ዓ.ም. አንሥቶላቸዋል። እኔ ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው፦ ለእነዚህ ያሰደዳቸው ነገር ተነካ፤ ለኤርትራዊው ወጣት ግን የተነካው አጥሩ ነው።

አጥሩም አልቆየም። የዛላምበሳው መተላለፊያ በታኅሣሥ ተዘጋ፤ የቀሩትም እስከ ሚያዝያ ተከተሉ። ብሔራዊ አገልግሎቱ እንደ ነበረ ቀጠለ፤ መሻገሩም ወደ ሌሊቱ ተመለሰ።