ሒሳቡን የሚያየው ማን ነው?

ሐኪሙ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ ይሠራል። አንዳንዱ የክሊኒኩ ባለቤት ራሱ ነው፤ በሽተኛ በሚልክበት ላብራቶሪ ድርሻ ያለውም አለ። ታዲያ የምርመራ ወረቀት የተሰጠው ሰው «ይህ የታዘዘው ለኔ ጤና ነው ወይስ ለነሱ ገቢ?» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ክርክሩ በተነሣ ቁጥር ግን ሁለት መልስ ብቻ ይሰማል። አንዱ ወገን የሐኪሞችን ሥነ ምግባር ይወቅሳል፤ ሌላው የደመወዛቸውን ማነስ ያነሣል። ደመወዙ ማነሱ እውነት ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በዚሁ ነበር። ሆስፒታሎች ፕራይቬት ዊንግ የከፈቱትም ባለሙያው ትርፍ ሰዓቱን እዚያው ሠርቶ ገቢውን እንዲደጉም ነው።

እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ ተገቢው ክብደት ያልተሰጠው ሌላ ምክንያት ነው እላለሁ፦ ሒሳቡን ገልጦ የሚያይ ሦስተኛ ወገን የለም። የሚከፍለው ታማሚው ነው፤ ታማሚው ደግሞ የታዘዘለት ምርመራ ያስፈልግ አያስፈልግ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው የሚሰጠውን ማዘዣ ልብ ብላችሁ እዩት። ሲቢሲ፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ቀጥሎ ዊዳልና ዌል ፌሊክስ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የታይፎይድና የታይፈስ መመርመሪያዎች ናቸው። ከደሙ የተለየው ሴረም ስላይድ ላይ ከተዘጋጀ ፈሳሽ ጋር ይደባለቃል፣ ሲረጋ በዓይን ይታያል፣ ውጤቱ በደቂቃዎች ይደርሳል። ዊዳል የሚያየው ግን ተሕዋሲውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ከዚህ በፊት ታይፎይድ ይዞት የዳነ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰውም ፖዘቲቭ ሊወጣበት ይችላል። በሽታውን በርግጥ የሚለየው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ቀናት ይፈጃል፣ በአብዛኛው ክሊኒክም አይሠራም። ስለዚህ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ፣ መድኃኒት ተጽፎለት ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው።

ሐኪሙ ይህን የሚያዘው ለገንዘብ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ልማድ አለ፣ የተሻለ ምርመራ ማጣት አለ፣ «ሳይመረምረኝ ሸኘኝ» ብሎ የሚያኮርፍ በሽተኛም አለ። ግን ሁሉም የሚገፉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። «ይህ አያስፈልግም፣ አልከፍልም» የሚል ማንም የለም።

ሕጉስ? የጤና ተቋም ፈቃድ ሲሰጥ በዋናነት የሚታየው ክፍሉ፣ መሣሪያው፣ የባለሙያው ብዛትና ብቃት ነው። አዛዡ ከትእዛዙ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ውጭ ይቀራል። በሽተኛ ልኮ ኮሚሽን መቀበል በሙያው ሥነ ምግባር ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ሰጪና ተቀባይ ተስማምተው፣ ከፋዩ ሳያውቅ የሚደረግን ነገር ማን ይከሳል? ማስረጃውስ ከየት ይመጣል?

አሜሪካኖች ከዚህ ችግር ጋር ሲታገሉ ያደረጉት ነገር አለ። ስታርክ የሚባለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ በመጀመሪያ ያነጣጠረው ላብራቶሪ ላይ ነበር፦ ሐኪም በሜዲኬር (በመንግሥት የጤና መድኅን) የሚታከመውን በሽተኛ ራሱ የገንዘብ ጥቅም ወዳለው ላብራቶሪ እንዳይልክ ከለከለ። ክልከላው ጥርስ ያወጣው ከፋዩ መንግሥት ስለሆነ ነው፤ ሕጉን ለጣሰ ምርመራ ሜዲኬር አይከፍልም። የነሱም ሥርዓት በሕግ ክፍተት የተሞላ ነው፣ እንደ አርአያ አላቀርበውም። ግን ሒሳቡን የሚመረምር ከፋይ አላቸው።

እኛም ይህን ከፋይ በወረቀት ፈጥረነዋል። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ወጣ። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ሠራተኛው «አገልግሎቱ ሳይሻሻል ለምን ይቆረጥብኛል?» ብሎ አጉረመረመ፤ ትግበራው ከዐሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ መድኅን ደግሞ በአብዛኛው ከመንግሥት ተቋማት ጋር የተዋዋለ ነው። እዚያ መድኃኒት ወይም ሪኤጀንት ሲጠፋ አባሉ ወደ ግል ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል፤ ያን ጊዜ እንደገና ብቻውን ነው። መድኅንን የድሃ መደጎሚያ አድርገን ብቻ ስለምናየው፣ ተቆጣጣሪነቱ ከክርክሩ ወጥቷል።

ይህ ሁሉ የሚያስከትለው ጉዳት ከገንዘቡ ይበልጣል። አንዴ የተጠራጠረ ሰው የሚያስፈልገውንም ምርመራ ይተዋል። በቀጥታ ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ ሲሻለው ግማሹን ያስቀምጣል፤ መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያን የሚበዙት እንዲህ ነው። የካንሰር ምልክት የታየባት ሴት «ገንዘብ ሊያስወጡኝ ነው» ብላ ወራት ታሳልፋለች። አንዲት ማዘዣ ያለ በቂ ምክንያት ጽፎ የማያውቅ ሐኪም ከሌላው እኩል ይታማል። አዲስ ተመርቆ ክሊኒክ የተቀጠረውም ምርመራ ባነሰ ቁጥር ከባለቤቱ ጥያቄ እንደሚመጣበት ካወቀ፣ ሥነ ምግባርን በንግግር ብቻ ልናስተምረው አንችልም።

ስለዚህ ስለ ሐኪሞች ስግብግብነት የሚደረገው ስብሰባና ዘመቻ ብዙ አይፈይድም። የጤና ሚኒስቴርና የጤና መድኅን ተቋሙ የሠራተኛውን መድኅን ያስጀምሩ፤ ከግል ላብራቶሪዎችና ክሊኒኮችም ጋር ይዋዋሉ። በውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይግባ፦ ባለድርሻዎች በስም ይገለጹ፣ ሐኪሙ ድርሻ ወዳለው ቤት ለተላከ ምርመራ ክፍያ አይፈጸም።