የሜዳዩ ወረቀት ጠፋ





በመንግሥት ሥራ ምክንያት የምኖረው ከጅጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በቀብሪበያ ነው። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሮጊት በመሐረብ የተቋጠረ ሜዳይ ይዘው መጡና፣ የልጅ ልጃቸው እያስተረጐመላቸው፣ «ልጄ፣ አንተ የቢሮ ሰው ነህ፤ ሰውዬው ይህን በምን እንዳገኘው ንገረኝ» አሉኝ። ባለቤታቸው ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦር እጅ ነጻ ስትወጣ ከተዋጉት አንዱ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ስለ ጀብዱአቸው አላወሩም። ከሜዳዩ ጋር የተሰጣቸውም ወረቀት ቤተሰቡ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር ጠፍቷል።

ጉዳዩን ይመለከተዋል ወዳልኩት መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጻፍኩ። «የምስክር ወረቀቱን ቁጥር ያቅርቡ» የሚል መልስ ደረሰኝ። ቁጥሩ የሚገኘው ግን በጠፋው ወረቀት ላይ ነው!

ክቡር አዘጋጅ፤ ጀግንነት የሚኖረው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. በጎራሄ አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በኢጣልያ አይሮፕላን ቦምብ ቆስለው ሳለ፣ ስፍራቸውን ለቀው ወደ ሕክምና ለመሄድ እምቢ ብለው ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱም በኅዳር ወር ጅጅጋ ድረስ መጥተው የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው። ሟች ማዕረጉን አይለብሰውም፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደ ተሰጣቸው ስለ ተጻፈ እስከ ዛሬ እናውቃቸዋለን። እንደዚሁም የአየር ኃይሉ ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ 11 ዓመት ያህል ታስረው መመለሳቸው የታወቀ ነው። የጎረቤቴ ባለቤት ግን ደረታቸው ላይ ያዋሉት ብረት አለ፤ ታሪኩ የለም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን የካራማራ ድል ሲከበር፣ ከአበባው ጉንጉን ጋር የየቀበሌው ሹም ባለሜዳዮችንና ወራሾቻቸውን ቢመዘግብ፣ አብረው የዘመቱ ሽማግሌዎችም ሳያልፉ ቃላቸውን ቢሰጡ መልካም ነው። የድሮው የሽልማት መዝገብም በስም እንጂ በቁጥር ብቻ እንዳይፈለግ ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ትጉህ ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊ ደግሞ እኛው ነን።

አሮጊቷ ሜዳዩን መልሰው ቋጥረውታል። በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር «መልስ መጣ?» ይሉኛል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
(ከቀብሪበያ)