ጣሪያ፣ መስኮትና እንቅልፍ

ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ዝቅ ያለች ስለሆነች ይሞቃታል። የሁለቱም የተለመደ ቤት ግን አንድ ነው፦ የእንጨት ማገር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን።

ቆርቆሮ ዝናብ እንጂ ሙቀት አይመልስም። ኮርኒስ በሌለው ቤት ቀትር ላይ የጋለው ክዳን ሙቀቱን ቁልቁል ይለቃል፤ ግድግዳውም ቀን የጠጣውን ማታ ይመልሳል። ሰውነት ደግሞ እንቅልፍ የሚይዘው በጥቂቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ሲገላበጥ ያደረ ሰው በማግስቱ ቁጡና ፈዛዛ ይሆናል። የክረምቱ ዶፍ ሲወርድማ ጎን ለጎን ተቀምጦ መነጋገርም ያስቸግራል። የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረበት ኮርኒስ፣ ፍሳሽ ቡናማ ካርታ ቢስልበትም፣ ሙቀቱንም የዝናቡን ጩኸትም ትንሽ ያበርዳል።

መስኮት በብርድና በሌባ ፍራቻ ይጠባል፤ ይህ ውድ ቁጠባ ነው። የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ነውና። ከመስኮቱ ውጭ የሚታየውም ዋጋ አለው፦ ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮት ዛፍ ያዩ ሕሙማን ግንብ ካዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። ለመርሳ ሰው ዛፉ ሩቅ አይደለም፤ ማንጎው ደጅ ላይ ነው።

በረንዳም አለ፤ ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት የሚሰበሰብበት። በብረት ፍርግርግ ሲዘጋ አላፊ አግዳሚው ሰላምታውን ይዞ ያልፋል።