ለሰው ሠራሹ ሌንስ ማረፊያ ሲጠፋ

አባታችሁ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሲወጡ ሐኪሙ «ሞራው ወጥቷል፤ ሌንሱን ግን ዛሬ አላስገባንም» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? «ዓይናቸው ጠፋ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ቤተሰብ አለ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የተፈጥሮ ሌንሳችን ከአይሪስ (ከዓይን ባለ ቀለሙ ክፍል) ኋላ በስስ ከረጢት ውስጥ ይገኛል። ከረጢቱን ወጥረው የያዙት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ ሲያወጣ ከረጢቱን ይተወዋል፤ ሰው ሠራሹ ሌንስም እዚያው ያርፋል። ከሁሉም የተሻለው ቦታ ይኸው ነው።

ከረጢቱ ክፉኛ ከተቀደደ ወይም ክሮቹ ከላሉ ግን ማረፊያ ይጠፋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ዓይንን ያገኘ ምት ነው። ሌላው በአገራችን የሞራ ሕመምተኞች ላይ በብዛት የሚታየው፣ በዓይን ውስጥ አመድ መሰል ብናኝ የሚያከማቸው ስዩዶኤክስፎሊዬሽን የተባለው ችግር ነው። እንዲህ ሲሆን ሦስት ዋና ዋና አማራጮች አሉ።

1. ሌንሱን ከአይሪስ ፊት ማስቀመጥ፦ ሥራው ቀለል ያለና ፈጣን ነው። ነገር ግን ሌንሱ ለኮርኒያ (ከፊት ላለው ጥርት ያለ ሽፋን) ስለሚቀርብ ከዓመታት በኋላ ሊጎዳው፣ የዓይንንም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ኮርኒያው ለደከመ ወይም ግላኮማ ላለበት ሰው አይመረጥም።

2. ከአይሪስ ጋር ማያያዝ፦ ሌንሱ አይሪስን ቆንጥጦ እንዲይዝ ይደረጋል ወይም በክር ይሰፋበታል። ጤናማ አይሪስ ይፈልጋል። አንዳንዴ ብግነት ያስከትላል፤ ሌንሱም ሊላቀቅ ይችላል።

3. ከስክሌራ (ከዓይን ነጩ ግድግዳ) ጋር ማሰር፦ ሌንሱ ከኮርኒያ ይርቃል። ሆኖም ሥራው ረዘም ያለ ጊዜና ልምድ ይጠይቃል፤ በዓይን ውስጥ መድማትም ሊያጋጥም ይችላል። ቀደም ሲል ይሠራበት የነበረው በጣም ቀጭን ክር ከዓመታት በኋላ ሲበጠስ ስለታየ ጠንከር ያለ ክር መጠቀም ተጀምሯል። ጃፓናዊው ሐኪም ሺን ያማኔ በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ደግሞ ክር አያስፈልገውም፤ የሌንሱ ሁለት እጆች በቀጭን መርፌ ወደ ውጭ ተስበው ጫፋቸው በሙቀት ይድቦለቦልና ስክሌራው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በዚህም ቢሆን ሌንሱ ሊያዘነብል ይችላል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ በ2003 እና በ2020 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን መርምሮ አንዱን ዘዴ ከሌላው የሚያስበልጥ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ስለዚህ «አዲሱ ዘዴ የትኛው ነው?» ከማለት ይልቅ «ኮርኒያቸው እንዴት ነው? ግፊታቸውስ? እርስዎ በየትኛው ዘዴ የበለጠ ልምድ አለዎት?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እስኪደረግ ድረስ ወፍራም መነጽር ሊረዳቸው ይችል እንደሆነም ጠይቁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለውዱእ ሲታጠቡ ውሃ ወደ ዓይን እንዳይገባ ለስንት ቀን መጠንቀቅ እንዳለባቸው፣ ለሩኩዕና ለሱጁድ ማጎንበስም መቼ እንደሚፈቀድላቸው ከሐኪሙ ተረዱ። ሕመም፣ መቅላት፣ ድንገተኛ የእይታ መቀነስ፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ደህና ቢመስሉም የክትትል ቀጠሮ አይቋረጥ፤ የታሰረ ሌንስ ከዓመታት በኋላም ሊንሸራተት ይችላልና።