ሮምን በአንድ ቀን፦ ምን ይታያል፣ ስንት ያስወጣል?

ሮም ላይ ያለዎት አንድ ቀን ብቻ ነው እንበል። ዘመድ ለመጠየቅ አውሮፓ መጥተው ይሆናል፤ ወይም በመንገድዎ ላይ አንድ ሌሊት ለማደር አስበዋል። ሁሉንም ላዳርስ ያለ እንግዳ ቀኑን ወረፋ ላይ ይጨርሰዋል። የእኔ ምክር አንድ የሚከፈልበት ቦታ መርጦ ሌላውን በእግር ማየት ነው። የሮም ዋና ዋና ነገሮች ተቀራራቢ ናቸው፤ ብዙዎቹም በነፃ ይታያሉ።

ቪዛስ? በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ከኤርፖርት ለመውጣት የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ይህ አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድ ፈቃድ የሚያስገባ ቪዛ ነው። ለአዋቂ 90 ዩሮ ይከፈላል፤ ቢከለከሉም ገንዘቡ አይመለስም። ማመልከቻውን የሚቀበለው ድርጅት ደግሞ የራሱን አገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል።

ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ወደ ከተማው እንዴት ይገባል? ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳል። ቴርሚኒ ዋናው የባቡር ጣቢያ ነው። ዋጋው በሰው 14 ዩሮ ነው። በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር 8 ዩሮ ነው፤ ግን ቴርሚኒ አይገባም። ነጩ የከተማ ታክሲ እስከ መሀል ከተማ የተቆረጠ ዋጋ አለው፤ 55 ዩሮ ነው፣ ያውም ለመኪናው እንጂ በሰው አይደለም። ስለዚህ አራት ከሆናችሁ ከባቡሩ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በር ላይ ጠጋ ብሎ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚልዎትን ግን ይለፉት።

ሻንጣ ካለዎት ቴርሚኒ ውስጥ በሰዓት እያስከፈለ የሚያስቀምጥ ክፍል አለ። የሚያድሩ ከሆነ ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ የከተማ ግብር ይጠይቅዎታል። ባለ 3 ኮከብ ሆቴል ውስጥ በሰው በሌሊት 6 ዩሮ ነው። ማጭበርበር እንዳይመስልዎት፤ ሕጋዊ ነው።

ከጣቢያው ሲወጡ የሚረግጡት ሰፊ አደባባይ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ከደመሰሱት ጦር ነው። ለሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ የቆመው ከግብፅ የመጣ ሐውልት በአቅራቢያው ይገኛል። ቱሪስቱ ቀና ብሎም አያየው፤ ለእኛ ግን ጥቂት ደቂቃ ያስቆማል።

ከዚያ ወደ ኮሎሲየም ይሂዱ። ምድር ለምድር በሚሄደው ባቡር፣ በ«ቢ» መስመር፣ ሁለተኛው ፌርማታ ነው። ትኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፤ ከሌለዎት የባንክ ካርድዎን መግቢያው ላይ አስነክተው ያልፋሉ። ኪስዎን ይጠብቁ፤ ኪስ አውላቂ እንደዚህ መስመር የሚወደው ቦታ የለም።

ኮሎሲየም እ.ኤ.አ. በ80 የተመረቀ የትግል ሜዳ ነው። ውስጡን ለማየት መደበኛው ትኬት 18 ዩሮ ሲሆን፣ አጠገቡ ያሉትን የጥንቱን አደባባይ ፍርስራሾችም ያስገባል። ስምዎ ትኬቱ ላይ ይጻፋል፤ በር ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል። ቀድሞ በኢንተርኔት ካልተገዛ አስቸጋሪ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጊዜ ካጠረዎት ውስጡ ቢቀርብዎት ብዙ አይጎድልብዎትም። ግርማው ከውጭ ነው።

ከጎኑ የቆመውን የቆስጠንጢኖስን ቅስት ግን አይለፉት። አበበ ቢቂላ መስከረም 10፣ 1960 እ.ኤ.አ. ማታ በባዶ እግሩ የገባው እዚህ ነው። የማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ፤ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። ከቅስቱ ጀርባ ያለውን የሳን ግሬጎሪዮን ጎዳና ይዘው አሥር ደቂቃ ያህል ቢራመዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳሉ። ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 ያመጡት የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። አበበም በዚያ ምሽት ያለፈው በዚያው በኩል ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ዛሬ እዚያ የሚያዩት ሌላ መታሰቢያ ነው፤ መንገድ ማዶ ያለው ትልቅ ሕንፃ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፓንቴዮን። ከኮሎሲየም በእግር ግማሽ ሰዓት ግድም ነው። የዛሬ 1,900 ዓመት ገደማ የተሠራ ቤተ ጣዖት ሲሆን ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ጉልላቱ አናት ላይ ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክፍት ቀዳዳ አለ፤ መስታወት የለውም። ዝናብ ሲጥል ውኃው ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ወለሉ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጠጋ ብለው ቢያዩ እብነ በረዱ ላይ ውኃው የሚሰርግባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ።

ቡና? ባንኮኒው ላይ ቆመው ከጠጡ ከ1 ዩሮ ብዙም አይበልጥም። ከተቀመጡ በተለይ አደባባይ ዳር ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ሒሳብ ይከፈላል፣ ከዚያ ደረሰኙ ለቡና አፍዪው ይሰጣል። ማኪያቶ ካዘዙ የአዲስ አበባውን ብርጭቆ አይጠብቁ፤ በትንሽ ስኒ ጠብ ያለ ወተት ያረፈበት ቡና ነው የሚመጣው። ውኃ አይግዙ፤ በየመንገዱ ቀንና ሌሊት የሚፈሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ንጹሕ ናቸው፣ ነፃም ናቸው።

ጉልበት ካለዎት ወንዙን ተሻግረው ቅዱስ ጴጥሮስ ይግቡ። ከፓንቴዮን በእግር ሠላሳ ደቂቃ አይሞላም። መግቢያው ነፃ ነው፤ የሚያስጠብቀው የፍተሻው ወረፋ ነው፣ ወደ ማታ ይቀላል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ከያዙ ሌላ አያስፈልግዎትም። እንደገቡ በስተቀኝ መስታወት ውስጥ ያለው፣ የልጇን አስከሬን የታቀፈችው የእመቤታችን ምስል፣ ማይክል አንጄሎ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የቀረጸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ሰው በመዶሻ ስለመታው ነው የተሸፈነው። የቫቲካን ሙዚየም ግን ለሌላ ቀን ይቆይ፤ 20 ዩሮ ነው፣ ቀድሞ ለመያዝ 5 ይጨመራል፣ ግማሽ ቀንም ይፈጃል።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠ ነው። እዚያ የኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሮም ላይ አሳትመዋል። ቦታው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንዲሁ በመንገድ አይገባም።

ወደ ኤርፖርት ሲመለሱ የባቡሩን ትኬት ወረቀት ከሆነ ከመሳፈርዎ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ማሽን ያስመቱት፤ ሳይመታ ከተገኘ ቅጣት አለው። በዋዜማውም «ሽዮፔሮ» መኖሩን የሆቴሉን ሰው ይጠይቁ፤ የሥራ ማቆም አድማ ማለት ነው፣ ቀድሞ ይነገራል። በአድማ ቀን ባቡሩ ሊቀርና በአውቶቡስ ሊተካ ስለሚችል አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይውጡ።